ለሁሉም የሚቆረስ አንድ ኬክ

ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ሽርጡን እሰሪና አጠገቤ ቁሚ። ለፔሳህ እንግዳ ጠርተሻል፤ አንዱ ልጅ ስንዴ አይነካም፣ ሌላው ወተት አይስማማውም፣ ሦስተኛዋ ሰሊጥ ከቀመሰች ሐኪም ቤት ነው። ታዲያ ገና ከአሁኑ ፊትሽ ተኮሳተረ። ምን ያስጨንቅሻል? አንድ ጥቁር የቸኮሌት ኬክ እንጋግራለን፤ እህል የሌለበት፣ ወተት የሌለበት፣ ለውዝና ሰሊጥ የማይደርስበት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አለርጂ ላለበት ልጅ ለብቻው ትንሽ ሳህን፣ ለሌላው ትልቅ ኬክ የሚባል ነገር በአንቺ ቤት እንዳላይ። አንድ ትጋግሪያለሽ፣ ሁሉም ከእሱ ይበላል። በየልደቱ ከቤቱ በላስቲክ የተቋጠረ ብስኩት ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ ስንት አለ መሰለሽ!

መጀመሪያ ስልክሽን አንሺ። አንድ ቸኮሌት እንኳ ሳትገዢ የልጆቹን እናቶች ጠይቂ። «ምን አይበላም?» ብቻ ብለሽ እንዳትዘጊ፤ ሦስት ነገር ጠይቂ። ምግቡ የትኛው ነው? ፍርፋሪና ጠብታም ይጎዳዋል ወይስ ሲበዛበት ነው? መድኃኒቱስ የት ነው የሚቀመጠው? ወተት አይስማማውም ሲሉሽ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ የሚሉት፣ ሆዱን የሚነፋው ልጅ ላክቶስ የወጣለትን ወተት ጠጥቶ ይውላል። ለወተቱ ፕሮቲን አለርጂ የሆነው ግን ያንኑ ወተት ቢቀምስ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስንዴም እንደዚሁ ነው። የስንዴ አለርጂ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ሴልያክ ደግሞ አንጀትን ውስጥ ለውስጥ ይጎዳልና ልጁ ሲስቅ ስላየሽው ብቻ ደህና ነው አትበይ። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚሉ አክስት ካሉሽ በክብር ቡና አቅርቢላቸውና ከልጆቹ ሳህን አርቂያቸው።

ቀጥሎ እሽግ ማንበብ ነው። እዚህ እስራኤል ሦስት ወጥመድ አለ፤ ብልህ ነሽና አንዴ ከሰማሽው አትረሺውም።

አንዱ ወጥመድ «ካሼር ለፔሳህ» የሚለው ነው። ለፔሳህ የተፈቀደ ሁሉ ከስንዴ የጸዳ መስሎሽ እንዳትሳሳቺ። ማጻው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ነው የሚጋገረው፤ በፔሳህ ኬክና ብስኩት ውስጥ የሚገባው የማጻ ዱቄት ደግሞ ያው የተፈጨ ማጻ ነው። ሴልያክ ላለበት ልጅ ከዳቦ አይለይም። «ለሎ ግሉቴን» የሚለውን ፈልጊ። እሱም ቢሆን ግሉተን የለውም ይልሻል እንጂ እህል የለውም አይልሽም፤ ሩዝ ወይም በቆሎ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን ራስሽ አንብቢ። ጤፋችንም ቢሆን ግሉተን ባይኖረውም እህል ነውና በዛሬው ኬክ አይገባም። ከፔሳህ በኋላ ሴልያክ ላለበት ልጅ እንጀራ ልታቀርቢ ካሰብሽም ጋጋሪዋን ጠይቂ፤ እዚህ ብዙ ቤት ጤፉን ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቅለዋል።

ሌላው «ፓርቬ» ነው፤ ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ፓርቬ የካሽሩት፣ የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ነገር ነው፤ ኬኩን ከሥጋ በኋላ ማቅረብ ትችያለሽ ይልሻል። ለአለርጂ የተሰጠ ዋስትና ግን አይደለም። ጥቁር ቸኮሌት ወተት ያለው ቸኮሌት ባለፈበት ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ርዝራዡም አብሮ ይመጣል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2015 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ወተት በዝርዝራቸው ውስጥ ካልጻፉ 88 ጥቁር ቸኮሌቶች በ51ዱ ውስጥ ወተት አግኝቷል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እና «ጥቁር ስለሆነ ወተት የለውም» የሚለውን ጨዋታ ተይው።

ሦስተኛው በደቃቅ ፊደል ከታች የሚጻፈው ነው። «መኺል» ካለ በውስጡ አለ ማለት ነው፤ «አሉል ለሃኺል» ካለ ደግሞ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛውን እንደ ቀልድ አትለፊው። ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ የሚሉትን እዚያ ፈልጊ። ባለፈው ዓመት የገዛሽው ዓይነት ቢሆንም እንደገና አንብቢ፤ ፋብሪካ አሠራሩን ሲቀይር ለአንቺ ደውሎ አይነግርሽም። ከተጠራጠርሽ እሽጉን ፎቶ አንስተሽ ለእናትየው ላኪላት፤ ከእኔም ከአንቺም በላይ እሷ ታውቃለች።

አሁን ወደ ግዢው። የረሆቮትን ሹክ፣ ገበያውን፣ እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ እኔም እወዳለሁ። ብርቱካኑን፣ እንቁላሉን፣ ቴምሩን ከዚያ አምጪ። ካካዎውን ግን ከተከፈተ ጆንያ አስመዝነሽ እንዳትመጪ፣ እሺ ሆዴ? ማንኪያው ከለውዙ ወደ ሰሊጡ፣ ከሰሊጡ ወደ ካካዎው ሲዘል ይውላል። ከጎኑም ሐልቫው ተቆርሶ ተደርድሯል፤ ሐልቫ ደግሞ ሰሊጥ ነው። በዚህ አገር ልጆች ዘንድ ሰሊጥ ከወተትና ከእንቁላል ጋር ከዋነኞቹ የአለርጂ መነሻዎች አንዱ ነውና ቀላል አድርገሽ አትዪው። ካካዎና ቸኮሌት ከፋብሪካ እንደታሸገ ግዢ። ቴምርም ሙሉውን ፍሬ እንጂ ተከትፎ ዱቄት የተነሰነሰበትን አትንኪ።

ከዚያ ወጥ ቤትሽን እናጽዳ። ይሄን እኔ ላስተምርሽ አይገባም፤ የእናትሽ ልጅ ነሽ። እናቶቻችን በጎንደር ፋሲካ፣ ያው ፔሳህ፣ ሲደርስ ቤቱን ጥግ ጥጉን ጠርገው፣ እርሾ የነካውን ዕቃ አስወግደው፣ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ነበር ቂጣ የሚጋግሩት። የአለርጂ ወጥ ቤት ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። ፍርፋሪ የሚደበቅበትን ቦታ ማወቅ ነው ሙያው፣ ያንን ደግሞ ከእናትሽ ጓዳ ተምረሻል። ስለዚህ ፔሳህን ከጨረስሽ በኋላም ይህን ጽዳት አትርሺው፤ በኅዳርም በሐምሌም ለልደት ስትጋግሪ እንደዚያው አድርጊ።

በዝርዝር ልንገርሽ። የእንጨት ማንኪያና የእንጨት መክተፊያ ስንጥቁ ውስጥ ዱቄት ይይዛልና ተይው፤ በብረት ወይም በመስታወት ሥሪ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁ አዲስ ይሁን። ዱቄት ስትነፊ አየር ላይ ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በዚያው ቀን በዚያው ክፍል ዳቦ አታቡኪ። ኦቨኑን ጥረጊ፣ ትሪውን በአዲስ መጋገሪያ ወረቀት ሸፍኚ። ትሪው እንዳይዝ ብለሽ ዱቄት ልትነሰንሺ እጅሽ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ መልሺው! ወረቀቱን ዘይት ቀብተሽ ካካዎ ነስንሺበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሌላ ሰው አይነግርሽምና እኔ ልንገርሽ። በኬኩ ውስጥ ቡና እናስገባለን። ቡናውን የምትቆዪበት ምጣድ ግን የገብስ ቆሎ የሚቆላበት ከሆነ አይሆንም። ሙቀጫውም እህል የተወቀጠበት ከሆነ እንደዚሁ። ገብስ ግሉተን አለው፣ ለፔሳህም የተከለከለ ሐሜጽ ነው። ለቡና ብቻ የተለየ መቁያ ከሌለሽ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የታሸገ ቡና አፍልተሽ ተጠቀሚ፤ ወይም ቡናውን ትተሽ ትኩስ ውሃ አድርጊ። ኬኩ አይቀየምሽም።

እንግዲህ ዕቃውን ደርድሪ፦ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 100 ሚሊ ሊትር ለስላሳ የወይራ ዘይት፣ 40 ግራም ያልጣፈጠ ካካዎ፣ 60 ሚሊ ሊትር ትኩስ አቦል ቡና፣ 6 እንቁላል፣ 150 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ የአንድ ትልቅ ብርቱካን ልጣጭ። በቃ። ቤኪንግ ፓውደር የለም፤ በውስጡ ብዙ ጊዜ የበቆሎ ወይም የስንዴ ስታርች አለበት። የተፈጨ ስኳርም አላልኩሽም፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ስታርች ይገባበታል። የወይራ ዘይት ያልኩሽም በከንቱ አይደለም። በፔሳህ ስለ ኪትኒዮት፣ ስለ በቆሎና ስለ ጥራጥሬ፣ የእያንዳንዱ ቤት ልማድ ይለያያል። ከቂርያት ሞሼ የምትመጣው እህትሽም፣ ከሻዓራዪም የምትመጣው የመናዊት ጎረቤትሽም፣ አሽከናዚዋ የጋን፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ መምህርትም ያለ ክርክር የሚበሉት እንዲሆን ነው።

ብርቱካኑን ደግሞ ለምን ቫኒላ አላደረግሽም እንዳትዪኝ። ረሆቮት ተቀምጠሽ? ይቺ ከተማ እኮ በብርቱካን ነው ስሟ የወጣው፤ በ1904 የተተከለው የሚንኮቭ የብርቱካን እርሻ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ልጆቹን አንድ ቀን ውሰጃቸው። ለአሁኑ ግን ፍሬውን በሙቅ ውሃ አጥበሽ፣ ብርቱካናማውን የላይ ቆዳ ብቻ በደቃቁ መፋቂያ ፋቂ። ነጩ ጋ ስትደርሺ አቁሚ፤ እሱ ይመራል።

አሁን ኦቨኑን 170 ዲግሪ አድርጊና ጀምሪ። ቸኮሌቱን ቆራርሰሽ ከዘይቱ ጋር በሳህን አድርጊና ውሃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጪው። የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። እሳቱን ቀንሺ፤ ቸኮሌት በእንፋሎት ይቀልጣል እንጂ በጉልበት አይቀልጥም። ጥቂት የውሃ ጠብታ ከገባበት ይቋጠርብሻል፣ ማንኪያሽ ደረቅ ይሁን። ለብቻው ካካዎውን በወንፊት ነፍተሽ በትኩሱ ቡና በጥብጪው፤ ሙቀቱ ነው ሽታውን የሚያወጣው። እንዳይጓጉል አድርገሽ ካማሰልሽ በኋላ ከቀለጠው ቸኮሌት ጋር ቀላቅይ። ይሄኛው ፈሳሽ በዛ ያለና ትኩስ ስለሆነ አይቋጥረውም፤ አትፍሪ። ጨውና የብርቱካኑን ልጣጭ ጨምሪና ለብ እስኪል ተይው።

እንቁላሉን ቀዝቃዛ እያለ ሰንጥቂና አስኳሉን ከነጩ ለዪ። ነጩ ውስጥ የአስኳል ጠብታ ከገባ አይነሳልሽም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በስኒ ላይ ሰንጥቀሽ እያየሽ ገልብጪው። ሳህኑ የብረት ወይም የመስታወት ይሁን፤ ላስቲክ የድሮ ቅባት ይይዛል። አስኳሉን ከስኳሩ ግማሽ ጋር ፈካ ብሎ እስኪወፍር ምቺና ለብ ካለው ቸኮሌት ጋር አዋህጂ። ቸኮሌቱ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አስኳሉ ይበስልብሻል፤ ጣትሽን ነክረሽ ሞክሪ።

ነጩን መምታት ጀምሪ። አረፋ ሲያነሳ የቀረውን ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ። መምቻውን ስታነሺው ጫፉ ቀና ብሎ ትንሽ ጎንበስ ሲል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከመታሽው ይደርቅና ይፈረካከሳል፤ ሲጋገር ያብጥና ይወድቃል። ይሄን አሠራር አዲስ አበባ ላለችው የአጎትሽ ልጅ ልትልኪላት ከሆነ ነጩን ከአንቺም ያነሰ ትምታው በያት፤ እነሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፣ እዚያ ኬክ ቶሎ ይነሳና ቶሎ ይወርዳል።

ነጩን በሦስት ጊዜ ጨምሪው። የመጀመሪያውን ሲሶ ሳትሳሺ አማስዪ፣ ቸኮሌቱን ያለሳልሰዋል። የቀሩትን ሁለቱን ግን ከታች ወደ ላይ እያነሳሽ፣ ሳህኑን እያዞርሽ፣ ቀስ ብለሽ እጠፊው። ነጭ መስመር ትንሽ ቢቀር አትጨነቂ። 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትሪ ገልብጪና ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሪ። ከ25 ደቂቃ በፊት በሩን እንዳትከፍቺ፤ ልብሽ እንደሚንጠለጠል አውቃለሁ፣ በመስታወቱ እዪው። ዳሩ ጸንቶ መሐሉ ሲነካ ትንሽ ንቅንቅ ሲል አውጪው። ስንጥር ወግተሽ እርጥብ ፍርፋሪ ከያዘ ደርሷል፤ ደርቆ ከወጣ አልፎበታል።

ሲበርድ መሐሉ ይሰረጎዳል፣ ፊቱም ይሰነጠቃል። እንዳትደነግጪ! ዱቄት የለውም፤ አቁሞ የያዘው የእንቁላሉ አየር ነው፣ አየሩ ሲበርድ ይቀንሳል። የተሰነጠቀው ይጣፍጣል፤ ካሳፈረሽ ደግሞ በላዩ ካካዎ ነፊበት። በትሪው እንዳለ ይብረድ፣ ቢቻል ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ቢላውን በሙቅ ውሃ እየነከርሽና እየጠረግሽ ቁረጪው።

ከእንግዶችሽ እንቁላል የማይበላ ልጅ ካለ ይሄ ኬክ ለእሱ አይሆንም፤ እንቁላሉን ልተካ ብለሽ አትታገዪ፣ ያለ እሱ አይቆምም። ያን ጊዜ ለሁሉም የሚቀርበውን ቀይሪ። 300 ግራም ሙሉ ቴምር ዘሩን አውጥተሽ በትኩስ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ዘፍዝፊና አጥልይ። ከ50 ግራም ካካዎ፣ ከቁንጥር ጨውና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ፈጭተሽ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዢው፤ ከዚያ በእጅሽ አድበልብለሽ ካካዎ ላይ አንከባልይው። እሳት አይነካውም፣ ልጆቹም ራሳቸው ሊያድበለብሉት ይችላሉ። ኬኩም ይቅር፣ የቴምሩ ይሁን፤ አንድ ዓይነት ለሁሉም ብያለሁ።

አልሞንድ የለመደችው ጓደኛሽ «የፔሳህ ኬክ ያለ አልሞንድ ዱቄት?» ማለቷ አይቀርም። አልሞንድ እህል አይደለም፣ ልክ ናት፤ ለለውዝ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን አይቀርብም። ሌላዋ ደግሞ ስለ ባምባ፣ ስለ ኦቾሎኒው መክሰስ፣ ታነሳለች። እዚህ አገር ሕፃናት ኦቾሎኒ ቶሎ እንደሚቀምሱና የኦቾሎኒ አለርጂም እንደሚያንስባቸው በ2008 የታተመ ጥናት፣ እስራኤልና እንግሊዝ ያሉ አይሁድ ልጆችን አነጻጽሮ አሳይቷል፤ በ2015 የወጣውም ገና በሕፃንነት ኦቾሎኒ ማስለመድ ብዙዎችን እንደሚጠብቅ አረጋግጧል። ያ ግን አለርጂው ገና ላልያዛቸው ሕፃናት፣ ከሐኪም ምክር ጋር ነው። አለርጂው ያለበትን ልጅ በአንቺ ገበታ ላይ ሊያስለምድ የሚሞክር ሰው ካየሽ እጁን ያዢው። እሱ የቁፓት ሆሊሙ ሐኪም ሥራ ነው።

አምላክ ይጠብቅሽ እንጂ የአለርጂውን ምልክትም እወቂ። ልጁ ከበላ በኋላ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ካስታወከ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ትንፋሹ ካጠረ «እስቲ ትንሽ እንየው» የለም። ኤፒፔን የታዘዘለት ከሆነ ወዲያው ይወጋ፣ 101 ይደወል፣ ልጁ ይጋደም እንጂ አይራመድ። ትንፋሽ ካጠረው ግን እንደተመቸው ይቀመጥ። የሕክምና ዕውቀት አለኝ የሚል ዘመድ እስኪመክር አትጠብቂ። ኤፒፔኑ የእናትየው ቦርሳ ውስጥ ነው ወይስ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ገና ሲገቡ ጠይቂ።

ማቅረቡም ዘዴ አለው። የተጠቀምሽባቸውን እሽጎች አትጣዪ፤ እናቶቹ ማየት ቢፈልጉ በአንድ ከረጢት አስቀምጪላቸው። ኬኩን ማጻ ከሚቆረስበት ጫፍ አርቂው፤ የማጻ ፍርፋሪ ገበታውን ሁሉ እንደሚሞላ መቼም አላስረዳሽም። የራሱ ቢላ ይኑረው። መጀመሪያ ለእነዚያ ለሦስቱ ልጆች ቁረጪ፣ ቀጥሎ ለሌላው። ግን «ይሄ የእናንተ ነው» እያልሽ አታውጂ፤ ዝም ብለሽ እንደ እንግዳ ሁሉ ሳህኑን አቀብያቸው። ወደ ጋን የምትልኪው ከሆነ ደግሞ የገባበትን ሁሉ በዕብራይስጥ ጽፈሽ ክዳኑ ላይ ለጥፊ፣ መምህርቷንም አስቀድመሽ አስፈቅጂ።

ኬኩ ምን እንደሌለው ለገበታው ሁሉ መስበክ አያስፈልግሽም፤ ቸኮሌት ኬክ ነው፣ አለቀ። አሠራሩን የጠየቀሽ ካለ ግን አሳጥረሽ እንዳትነግሪው። ከቡናው መቁያ ጀምረሽ ንገሪው።